የልጆቹ ገንዳ

ውድ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎስ እንዴት ነው? ለወጉ ያህል የጠየቅኩ እንዳይመስልዎ። ብርድ ሲገባ እንደሚብስብዎ አውቃለሁ። ያሳየሁዎትን እንቅስቃሴ ምንጣፍ ላይ ተኝተውም ቢሆን መሥራት ይችላሉ፤ ጉልበትዎን ቀስ አድርገው ወደ ደረትዎ መሳብ፣ እስከ አሥር መቁጠር፣ መልቀቅ። የተቀየሙት እኔን እንጂ ወገብዎን አይደለምና እባክዎ አይተዉት።

ፊት ለፊት ተቀምጠን ብንነጋገር ይሻለኝ ነበር። ስልክዎ ግን አይነሳልኝም። ባለፈው ሳምንት ግቢዎ ድረስ መጥቼም ነበር። የበር ጠባቂው በሩን ገርበብ አድርጎ «ጋሼ የሉም» ሲለኝ መኪናዎ ከጀርባው ቆሞ ይታየኛል። ምስኪን፣ ውሸቱን ሲናገር ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። እኔም ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የሰው ዓይን እየሸሸሁ ስለኖርኩ ልፈርድበት አልደፈርኩም። ስለዚህ እጽፍልዎታለሁ። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔው ቢሰሙት ይሻላል።

እኔ ማን እንደሆንኩ ለእርስዎ መንገር ሞኝነት ይመስላል። የምነግርዎ እኔ ራሴ መርሳት ስለማልፈልግ ነው። አባቴ የፍራሽ ፋብሪካዎ የመጋዘን ዘበኛ ነበር። እናቴ ስትሞት የሚያስጠጋኝ ዘመድ ስላልነበረው፣ የፋብሪካው በር ላይ ባለችው ጠባብ ክፍሉ አብሬው አደግሁ። የቤት ሥራዬን የምሠራው ቁርጥራጭ ስፖንጅ ላይ በደረቴ ተኝቼ ነበር። አንድ ቀን መኪናዎን አቁመው ወረዱና ደብተሬን አንስተው አገላበጡት። አራተኛ ክፍል ነበርኩ። «ይቺ ልጅ የማን ናት?» ሲሉ አባቴ ያጠፋሁ መስሎት «ይቅርታ ጋሼ፣ ሁለተኛ እዚህ አትቀመጥም» አለ። እርስዎ ሳቁ። «አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ካንተም ከኔም አሳምራ ትጽፋለች» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ እስክጨርስ ድረስ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ዩኒፎርሜ፣ መጽሐፎቼ፣ መነጽሬ ሳይቀር ከእርስዎ እጅ ነው። አንድም ቀን «ይኼን አድርጌልሽ» ብለውኝ አያውቁም።

ፊዚዮቴራፒ ላጠና ነው ብዬ የነገርኩዎ ቀን «እሱ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» አሉኝ።

«አልታዘዝ ያለ አካልን እንደገና እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ነው» አልኩዎ።

«እሰይ! እንግዲያው ለእርጅናዬ ትደርሺልኛለሽ።»

አባቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከተመረቅሁ በሦስተኛው ዓመት የበጎ አድራጎት ድርጅትዎን አቋቋሙ። እጅና እግራቸው አልታዘዝ ላላቸው ልጆች የማገገሚያ ማዕከል ሲከፍቱ እኔን የሕክምናው ክፍል ኃላፊ፣ የእህትዎን ልጅ ሥራ አስኪያጅ አደረጉን። መኖሪያም ሰጡኝ። ድርጅቱ ከሩቅ ለሚመጡ እናቶች ማረፊያ ብሎ ከገዛቸው ሁለት አፓርታማዎች አንደኛውን። «ለጊዜው ግቢበት» አሉኝ፤ አባቴን ይዤ ገባሁ። ለጊዜው የተባለው አራት ዓመት ሆነ። ሁለተኛው ቤት ስለማይበቃቸው፣ ከሩቅ የሚመጡት እናቶች የማዕከሉ ኮሪደር ላይ ፍራሽ አንጥፈው ከልጆቻቸው ጋር ያድሩ ነበር። ጥሩ ፍራሽ ነው፣ የፋብሪካዎ ነው፣ አልክድም። ግን በየጠዋቱ ያንን ፍራሽ እየተራመድኩ ወደ ቢሮዬ ስገባ ከሥሩ የሚያዩኝን ዓይኖች አውቃቸዋለሁ። «ደህና አደራችሁ?» እላለሁ። «ደህና ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን» ይሉኛል። ያመሰግኑኝ ነበር፣ ጋሼ። ቤታቸው ውስጥ እየኖርኩ።

የገንዳው ሐሳብ የእኔ ነበር። ቢሮዎ መጥቼ እጄን እያወናጨፍኩ ስለ ሞቀ ውሃ ያስረዳሁዎ ቀን ትዝ ይልዎታል? የተገተረ ጡንቻ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ እንደሚላላ፣ መሬት ላይ መቆም የማይችል ልጅ ውሃው ክብደቱን ሲሸከምለት መቆም እንደሚጀምር። ሰዎች ሊያነጋግሩዎ ውጭ እየጠበቁ ነበር፤ እርስዎ ግን እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ስንቱ ይቆምልሻል?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሼ። መሬት ላይ ብቻ ከሠራን ግን የሚቆመው ጥቂት ነው።»

በሦስተኛው ቀን ደውለው «ገንዳሽ ይሠራል» አሉኝ። የማዕከሉ ግቢ ስለማይበቃ እርስዎ ግቢ ውስጥ እንዲሆን ተወሰነ። ሩቅ አይደለም፣ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። «ግቢዬ ሰፊ ነው፤ ልጆቹ ሲንጫጩበት ቤቱም ነፍስ ይዘራል» ነበር ያሉት። ያን ጊዜ ከልብዎ እንደተናገሩት ዛሬም አምናለሁ። አታለው ያሠሩት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

ደግሞም እንዴት ያለ ገንዳ ነበር! ቁልቁል የሚያስገባው መንገድ፣ ግራና ቀኙ የብረት መደገፊያ፣ ልጆቹን አንስቶ ውሃ ውስጥ የሚያስቀምጠው ወንበር። መጀመሪያ የገባችው አለቃ ናት። አለቃን ያስታውሷታል፤ የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ ሰባት ዓመቷ ነበር። ስትወለድ አየር አጥሯት ሁለት እግሯ እንደ መቀስ ተቆላልፎ የቀረባት። አለቃ ያልናት ሁላችንንም ስለምታዝ ነው። በገንዳው ምረቃ ቀን ለእርስዎ እንኳን «ጋሼ፣ ቆመው አያውሩ፤ ወንበር አምጡላቸው!» ብላ ጋዜጠኞቹን ያሳቀችው እሷ ናት።

በአምስተኛው ሳምንት ይመስለኛል። ወገቧን ይዣት ውሃው ደረቷ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሲስቱ፣ ልቀቂኝ» አለች።

«አልለቅሽም።»

«ልቀቂኝ አልኩ እኮ!»

ለቀቅኳት። ቆመች። ማንም ሳይነካት፣ እጇን እንደ ክንፍ ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ ቆመች። እናቷ ዳር ላይ ነበረች፤ ምን እንደነካት ሳላውቅ ጫማዋን እንዳደረገች፣ የሜትር ገመዷ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ዘላ ገባች። እርስዎ ከሰገነቱ ላይ ሆነው አጨበጨቡ። ከዚያ መነጽርዎን አውልቀው ዓይንዎን ሲጠርጉ አይቻለሁ። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ለአራት ወር ማክሰኞና ዓርብ ሄድን። ከዚያ ዓርብ ቀረ። «ጋሼ ዓርብ ዓርብ እንግዳ አለባቸው» አለኝ የእህትዎ ልጅ። ይሁን አልኩ፤ የሰው ግቢ ነው። ቀጥሎ የልጅዎ ሠርግ መጣ። ፎቶ አንሺው የብረት መደገፊያው ዓይን ያስቀይማል ስላለ ከሥሩ ተቆርጦ ተነሳ። ከሠርጉ በኋላ ይመለሳል ተባለ፤ አልተመለሰም። ማንሻ ወንበሩን መኪና ማቆሚያው ውስጥ አገኘሁት፤ የአበባ ማሰሮ ተደርድሮበታል። ይኼም ይሁን አልኩ። ልጆቹን በእጃችን እያቀፍን አስገባን። አንድ ማክሰኞ ደግሞ የእህትዎ ልጅ ቢሮዬ ገብቶ ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና «ለእናቶቹ ማሞቂያው ተበላሽቷል በያቸው» አለኝ።

«ተበላሸ እንዴ?»

«ይበላሻል» አለና ሳቀ።

ነገርኳቸው። አስተካክዬ፣ በሚያምር ድምፅ ነው የነገርኳቸው። መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ነው አልኩ፤ መለዋወጫ የሚለውን ማንም አልነገረኝም፣ ከራሴ ጨምሬ ነው። ውሸት አንዴ ከገቡበት እንዲህ ሙያ ይሆናል።

በዚያው ሰሞን ነው ወገብዎ የተያዘው። ሐኪሙ ውሃ ውስጥ እንዲንቀሳቀሱ ሲያዝዎ ደወሉልኝ። «ይኸው የፎከርሽበት ቀን ደረሰ። ማክሰኞ ከሰዓት ይመቸኛል» አሉኝ። ማክሰኞ ከሰዓት የልጆቹ ሰዓት እንደነበር ረስተውት ይሆን? ልጠይቅዎ አሰብኩ። አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ዩኒፎርሜ ትዝ አለኝ፤ መነጽሬ ትዝ አለኝ፤ አባቴ በእርስዎ ስም ሲምል ትዝ አለኝ። መጣሁ። ውሃው ሞቅ ብሎ ነበር። ወገብዎን ይዤ ወዲያና ወዲህ አመላለስኩዎ። ለስምንት ወር፣ አንድም ሳምንት ሳልዘል። በስድስተኛው ሳምንት ያለ ከዘራ ደረጃውን ሲወጡ ከደስታዬ ብዛት ጮህኩ። ያን ደስታዬን እስከ ዛሬ የት እንደማደርገው አላውቅም። እውነተኛ ነበር። እርስዎ ሲሻልዎ የወለድኩት ልጅ የዳነልኝ ያህል ነው ደስ ያለኝ። በዚያው ሰዓት አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ አርባ ሁለት ልጆች መለዋወጫ ይጠብቁ ነበር።

የዓመቱ ሪፖርት ሲመጣ ገንዳው በሳምንት ሁለት ቀን አርባ ሁለት ልጆችን እንደሚያገለግል ተጽፎበታል። ከሥሩ የእኔ ስምና የፊርማ ቦታ አለ። እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ።

«ምነው?» አለኝ የእህትዎ ልጅ።

«ይኼ እኮ እውነት አይደለም።»

«አዬ አንቺ! ሪፖርት ነው እኮ፤ መሐላ አስመሰልሽው።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። «አባትሽ ደህና ናቸው? ቤቱ ተመቻቸው?»

ፈረምኩ። አባቴ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አፓርታማው አሳንሰር አለው። ይኼን የምነግርዎ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። ያኔ ያሰብኩት ይህንን መሆኑን እንዲያውቁ ነው።

ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አንዲት ሴት መጣች። አጭር ናት፤ ትልቅ ጥቁር ቦርሳ ይዛ፣ ጫማዋ ከጎኑ የተበላ። ምንም የሚያስፈራ ነገር አልነበራትም። ገንዳውን ማየት እችላለሁ? አለችኝ። እድሳት ላይ ነው አልኳት። መቼ ያልቃል? በቅርቡ። ጻፈችው። እንደመሄድ ብላ ቆመችና «ልጆቹ ወደውት ነበር?» አለችኝ። «በጣም» አልኳት። ከነገርኳት ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ነበር።

ጋሼ፣ ከዚህ ቀጥሎ የምነግርዎን በአካል ብነግርዎ ኖሮ አልጨርሰውም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ከእርስዎ ጋር በዋኘሁ በማግስቱ። አለቃን ምንጣፍ ላይ አጋድሜ እግሯን እያሳሳብኩ ነበር። እናቷ ሌላኛውን እግሯን ይዛልኛለች። በእነዚያ ወራት የልጅቷ እግር ተመልሶ ተገትሯል፤ ተረከዟ መሬት መንካት ካቆመ ሰንብቷል። የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ጅማቷ ሳይቆረጥ አይሆንም ብሎ ወረቀት ጽፎላታል። እሷ ግን ያው አለቃ ናት፤ «በደንብ ሳቢው እንጂ!» እያለች ታዘኛለች። ጎንበስ ስል ፀጉሬ ፊቷ ላይ ወረደ።

«ሲስቱ፣ ገንዳው ተሠራ እንዴ?»

«ገና ነው የኔ ቆንጆ።»

«ታዲያ ፀጉርሽ ለምን ገንዳ ገንዳ ይሸታል?»

እጄ ቆመ። እናቷ ቀና ብላ አየችኝ። ልብስ ሰፊ ናት፤ የተጣመመ ስፌት ከሩቅ ታውቃለች። አየችኝ፣ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ሲስተርን አታድክሚያት፤ ዝም በይና እግርሽን ዘርጊ» አለቻት። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት? ስንጨርስ ልጇን አቅፋ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላኝ ወጣች። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፀጉሬን በሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብኩት።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ልብሴን ሳልቀይር ነው የመጣሁት። እርስዎ ውሃው ውስጥ ሆነው ይጠብቁኝ ነበር። የልጅ ልጅዎ የጎማ ዳክዬ አጠገብዎ ይንሳፈፋል።

«ምነው አትገቢም?»

«ጋሼ፣ ልጆቹ ይመለሱ።»

ወዲያው ገባዎት። አልተቆጡም፤ እርስዎ ድሮም አይቆጡም። ቀስ ብለው ዳር ላይ ወጥተው ተቀመጡ፤ ፎጣ አቀበልኩዎ። «የኔ ልጅ፣ ይኼን ገንዳ ማን ሠራው?» አሉኝ።

«እርስዎ።»

«በማን ገንዘብ?»

«በእርስዎ።»

«በማን ግቢ?»

«በእርስዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ሌባው ማን ነው? የራሱን የሚሰርቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

መልሴን ሳይጠብቁ እጅዎን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። «እሺ፣ በወር አንድ ቀን ይምጡ። ፎቶ አንሺም እንጥራ፤ ያቺ ሴትዮም ትምጣና ትይ። ሁሉም ደስ ይበለው።» ከዚያ በለሆሳስ «አራተኛ ክፍል ነበርሽ አይደል?» አሉኝ። ይኼን በክፋት አልተናገሩትም። ግን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ውለታዎ ከበደኝ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ በወር አንድ ቀን የምትለዋ አጓጉታኝ ነበር። ከምንም ይሻላል ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩባት። ውሃ በወር አንድ ቀን ለተገተረ እግር ምንም እንደማያደርግ ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በሳምንት ሁለቴ ብዬ የለመንኩዎ እኔው ነኝ። ለፎቶው ግን ይበቃል። በሦስተኛው ቀን ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሄድኩ።

ያቺ አጭር ሴት ክፍሏ ውስጥ ፋይል ከቧት ተቀምጣለች። ሁሉንም ነገርኳት። ገንዳውን፣ ማሞቂያውን፣ ሪፖርቱን፣ ማክሰኞን። አፓርታማውንም። ስጨርስ እርስዎ የጠየቁኝን ጥያቄ መልሼ እሷን ጠየቅኳት፤ «ገንዘቡ እኮ የራሳቸው ነው። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የራሳቸው ነበር» አለች። «ለልጆቹ ብለው ለድርጅቱ ሲሰጡ ከእጃቸው ወጣ። ስለሰጡም ግብር ቀርቶላቸዋል። መንግሥት ያን ግብር የተወላቸው ለልጆቹ ብሎ ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ያን ገንዳ እኔም አንቺም ያቺ ልብስ ሰፊም በየአቅማችን አዋጥተንበታል። ለራሳቸው የሚዋኙበት ቢፈልጉ ማን ይከለክላቸዋል? ግብራቸውን ከፍለው በራሳቸው ስም ያሠራሉ። የልጆቹ ብለው አስመዝግበው መዋኘት ግን አይችሉም።» እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳችና «አንቺም እንደማትድኚ ታውቂያለሽ አይደል? ፊርማው ያንቺ ነው» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት። በእርግጥ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በደንብ አላወቅኩም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ያውቁታል፤ ከእኔ በኩል ያለውን ግን አያውቁም። ገንዳው ታሸገ። የድርጅቱ የባንክ ሒሳብ እስኪጣራ ስለታገደ ማዕከሉ በግማሽ ሠራተኛ ይሠራል፤ ሁለት ወር ሙሉ ደመወዝ የለም። የጽዳት ሠራተኛዋ ኮሪደር ላይ አስቁማ «ሲስተር፣ አንቺስ ነፍስሽን አሳረፍሽ፤ እኔ ልጆቼን ምን ላብላ?» ብላኛለች። አንዲት እናት ደግሞ «ገንዳ ቢቀር ምንጣፉ ነበረን፤ ማን ጠየቀሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። ምን እመልስላታለሁ? እውነት መናገር ደረትን ያቀላል ሲባል ሰምቼ ነበር። የኔ አልቀለለም።

ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄድኩ። ሱቋ ውስጥ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች፤ አላቋረጠችም። ሁሉንም ነገርኳት። ስፌቱን እስከ ጫፍ አድርሳ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «የዋኘሽው አይደለም ያናደደኝ» አለችኝ። «መለዋወጫ ያልሽኝ ነው። እኔ ሞኟ ለልጄ መለዋወጫው በየት አገር በኩል እንደሚመጣ በካርታ ሳሳያት ነበር።» ይቅር አላለችኝም። ባለፈው ረቡዕ ግን እንደወትሮው ልጇን ይዛ መጥታለች፤ የልጅቷን እግር ከእኔ ሌላ ማንም እንዲይዘው አትፈቅድም። ቀዶ ሕክምናው በሚመጣው ወር ነው።

አፓርታማውን ለቅቄያለሁ። አሁን አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ አሳንሰር የለም፤ አባቴ ሦስት ፎቅ መውጣት ስለማይችል የድሮ የፋብሪካ ባልደረባው ዘንድ ገብቷል። ሲሄድ ሻንጣውን ላንሳ ስለው እጄን ገፋው። «ያንን ሰውዬ እኔ አሁን በየትኛው ዓይኔ ነው የማየው?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር አላናገረኝም።

ትናንት ግን መጣ። የእርስዎን መልእክት ይዞ ነው የመጣው። ማዕከሉ በር ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያዟዟረ፣ ልክ እርስዎ ፊት እንደሚቆመው። «ጋሼ ጨርሰው አልተቀየሙሽም። በሚመጣው ረቡዕ የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጉዳዩን እንዲያይ የሰየመው ሸንጎ ፊት ‹ተሳስቼ ነው› ካልሽ ሁሉም ይረሳል ብለዋል። ቤቱም ይመለሳል፤ ለፊርማውም ጠበቃ ያቆሙልሻል» አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ ይኼንን እርስዎ ያሉት አይመስለኝም፣ የራሱ ነው፣ «ልጄ፣ እኔ ሳልሞት አስታርቂኝ» አለኝ። አባቴ ለምኖኝ አያውቅም። በዚያች ደቂቃ እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። እጁን ይዤ ታክሲ አስያዝኩትና ተመልሼ እዚህ ተቀመጥኩ።

ጋሼ፣ አልተሳሳትኩም። ተሳስቼ ነው አልልም። ረቡዕ የማውቀውን ሁሉ እናገራለሁ፤ ስለ ገንዳው፣ ስለ ራሴም ፊርማ፣ ስለ ኖርኩበትም ቤት። ያስተማሩኝ እርስዎ መሆንዎንም ባይጠይቁኝም እናገራለሁ፤ ያም እውነት ነው፣ ማንም ሊያስቀረው አይችልም። ከአንዱ እውነት ሌላውን ቀንሰው እንዲፈርዱ አልፈልግም። እርስዎም አንድ ነገር ቢያደርጉልኝ እወዳለሁ። ጠበቃዎን ወደ ጎን ይበሉና ራስዎ ተነስተው «የልጆቹ ነው፣ ይመለስላቸው» ይበሉ። ገንዳው በሳምንቱ ይከፈታል፤ ሴትዮዋ ነግራኛለች። ከእኔ ይልቅ እርስዎ ቢሉት ያምርብዎታል። ይኼን የምጠይቅዎ ስለማስፈራራዎ አይደለም። እንደሚችሉ ስለማውቅ ነው።

እምቢ ካሉም መቼም ረቡዕ እንገናኛለን። ወደ አዳራሹ ሲገቡ እንደማንኛውም ቀን ከመቀመጫዬ ተነስቼ እጅ እነሳዎታለሁ። ሰላምታዬን ባይመልሱልኝም፣ እስኪቀመጡ ድረስ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከዚያ ስሜ ሲጠራ እናገራለሁ።

ያስተማሩኝ ልጅዎ